የለንደንን ቃጠሎ ቀድሞ ሥሏል ተብሎ የተጠረጠረው ኮከብ ቆጣሪ፦ ዊሊያም ሊሊ

በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለንደን፣ መርከበኛ ባሏ የጠፋባት ሴት በሕይወት ይኑር አይኑር ማንን ትጠይቃለች? ዕቃው የተሰረቀበትስ? ብዙዎቹ የዊሊያም ሊሊን በር ያንኳኩ ነበር። ዛሬ የእሱን ታሪክ ይዘንላችሁ መጥተናል። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሊሊ በ1602 ሌስተርሻየር ውስጥ ዳይስዎርዝ በምትባል መንደር ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። ላቲን ጥሩ አድርጎ ቢማርም አባቱ ዕዳ ውስጥ ስለተዘፈቁ ዩኒቨርሲቲ የመግባት ሕልሙ እዚያው ቀረ። በ1620 በእግሩ ተጉዞ ለንደን ገባና አንድ ሀብታም ሽማግሌ ቤት አሽከር ሆነ። ጫማ ይጠርጋል፣ ከቴምዝ ወንዝ ውኃ ይቀዳል። ጌታው በ1627 ሲሞቱ መበለቲቱን አገባ። ከዚያ በኋላ የዕለት እንጀራ አላሳሰበውም።

በ1632 ጆን ኤቫንስ ከሚባል የዌልስ ሰው ዘንድ ኮከብ ቆጠራ መማር ጀመረ። የተማረው ሆረሪ የሚባለውን ዘዴ ነው። ይህ ዘዴ የጠያቂውን የልደት ቀን አይፈልግም። የሚይዘው ጥያቄው ለኮከብ ቆጣሪው የደረሰበትን ሰዓት ነው። የዚያች ቅጽበት ሰማይ በካርታ ይሳልና በ12 ቤቶች ይከፈላል። 1ኛው ቤት ጠያቂው ራሱ ነው። 2ኛው ገንዘብና ንብረት፣ 10ኛው ሥራና ሹመት ነው። 7ኛው ደግሞ የትዳር ጓደኛም የሌባም ቤት ነው (አዎ፣ ሁለቱ አንድ ላይ ናቸው!)።

እያንዳንዱ ቤት ጌታ የሚሆንለት ፕላኔት አለው። የጠያቂው ፕላኔትና የተጠየቀው ነገር ፕላኔት ወደ መገናኘት እየሄዱ ከሆነ ነገሩ ይሳካል ይባላል፤ ተገናኝተው እየተለያዩ ከሆነ ግን ጊዜው አልፏል። አንዳንዴም ኮከብ ቆጣሪው ጥያቄው ገና አልበሰለም ብሎ ፍርድ ከመስጠት ይቆጠባል።

ሊሊ ከመምህሩ ጋር ብዙ አልቆየም። አንድ ቀን አንዲት ሴት ልትጠይቅ መጣች፤ ኤቫንስ ካርታው የሚያሳየውን ገልብጦ ደስ የሚላትን ነገራት። ሊሊ ለምን ብሎ ቢጠይቀው፣ ደስ ካላላት እንደማትከፍለውና የሚያስተዳድረው ቤተሰብ እንዳለው መለሰለት። ከዚያ ወዲያ ተለያዩ።

በ1638 ሊሊ ራሱ ጠያቂ ሆነ። ለንደን ገዝቶ በጀልባ ያስጫነው የጾም ዓሣ ተሰረቀበት። ወሬውን በሰማበት ሰዓት ካርታ ሣለ፤ ሌባው በወንዙ አጠገብ የሚኖር ዓሣ አጥማጅ ነው ብሎ ፈረደ። የፍተሻ ፈቃድ አውጥቶ የጠረጠረው ሰው ቤት ሲገባ ከፊሉ ዓሣ ተበልቷል፣ ከፊሉ ግን አለ። ታሪኩን የነገረን ራሱ ሊሊ መሆኑን ግን ልብ በሉ።

በ1647 ክርስቲያን አስትሮሎጂ የተባለውን ከ800 ገጽ በላይ መጽሐፉን አሳተመ። ላቲን ለማያውቅ ሰው ተዘግቶ የነበረውን ዘዴ በተራው ሕዝብ ቋንቋ፣ በእንግሊዝኛ፣ ከነምሳሌው ዘረገፈው። ዓሣውም እዚያ ውስጥ አለ።

ዘመኑ የንጉሡና የፓርላማው ጦርነት ዘመን ነበር፤ ሊሊ ደግሞ የፓርላማው ወገን ነው። ሆኖም በዚያው ዓመት ቀዳማዊ ቻርልስ ከእስር ቢያመልጡ የት ይደበቁ ብላ ጄን ሆርዉድ የተባለች የንጉሡ ታማኝ ስትመጣ አላባረራትም። ወደ ኤሴክስ ይሂዱ አላት። ንጉሡ ግን ወደ ዋይት ደሴት ሄደው እዚያ ታሰሩ።

ታዲያ ሊሊ እንከን የለሽ ነበር? አልነበረም። በ1648 ኮልቼስተር የተባለችውን ከተማ የከበቡትን የፓርላማ ወታደሮች በትንቢት እንዲያበረታታ ተልኮ ሄዷል። መምህሩን ጥሎት የሄደው ሰው ያን ቀን የወታደሮቹን ጆሮ ነው ወይስ ካርታውን ያዳመጠው? በ1652ም እሱና ሌሎች ኮከብ ቆጣሪዎች በፀሐይ ግርዶሽ ሕዝቡን አስፈራሩ፤ ቀኑ በሰላም አለፈና መሳለቂያ ሆኑ።

በመስከረም 1666 ግን ለንደን ተቃጠለች፤ 13,000 ገደማ ቤቶች ወደሙ። ሊሊ በ1651 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ መንትዮች ተዘቅዝቀው ወደ እሳት ሲወድቁ የሚያሳይ ሥዕል ነበር፤ መንትያ ደግሞ የለንደን ኮከብ ናት ይባላል። የፓርላማ ኮሚቴ አስጠርቶ መረመረው። ቃጠሎውን ቀድሞ ካወቀ፣ ማን እንደለኮሰውም ሊያውቅ ይችላል የሚል ጥርጣሬ ነበር። ዓመቱን እንዳላወቀና እሳቱ የእግዚአብሔር እጅ እንደሆነ ተናግሮ በነፃ ወጣ። ሲሳሳት ተሳቀበት፤ የተናገረው ሲደርስ ደግሞ ተጠረጠረ።

ሊሊ ሰኔ 9 ቀን 1681 አረፈ። ወዳጁ ኤልያስ አሽሞል የመቃብሩን ድንጋይ አሠራለት። የጠያቂዎቹ መዝገቦች ዛሬም ኦክስፎርድ በቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ፤ ሆረሪ የሚማሩ ሰዎችም መጽሐፉን እስካሁን ያነቡታል።

ፕላኔቶች ለጥያቄያችን መልስ እንደሚሰጡ ሳይንስ ማረጋገጫ አላገኘም። የዚያች ሴት ጉዳይ ግን ዛሬም አለ፦ ከፍለን የምንጠይቀው ሰው የሚነግረን እውነቱን ነው ወይስ መስማት የምንፈልገውን? ከመጠየቃችን በፊትስ እኛ የትኛውን ፈልገን ነው የምንሄደው?

እናንተ ምን ትላላችሁ? ኮሜንት ላይ ጻፉልን።