ዶክተር አክሊሉ ለማ እና የሶዶ ጫጩቶች

የጋዜጠኝነት ተማሪ ስለ አንጀት ጥገኛ ተሕዋስያን ምን አገባው ትሉ ይሆናል። እኔን ያነሳሳኝ ሶዶ ከተማ፣ በሰፈራችን የሥጋ ዶሮ የሚያረቡ ሰዎች በየጊዜው የሚያነሱት ጥያቄ ነው፤ መድኃኒት ሰጥተን ጫጩቱ ለምን ያልቃል? መልሱን የማገኘው ከዶክተር አክሊሉ ሕይወት ነው።

ዶክተር አክሊሉ በ1935 እ.ኤ.አ. በምሥራቅ ኢትዮጵያ ተወለዱ። አሜሪካ፣ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተምረው በዶክትሬት ተመረቁ። በ1964 ዓድዋ አካባቢ ቢልሃርዝያን ያጠኑ ነበር። የዚህ በሽታ ትል በአንጀት ዙሪያ ባሉ ደም ሥሮች ይኖራል። እንቁላሉ ከሰገራ ጋር ወጥቶ ውኃ ውስጥ ይፈለፈላል፤ ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ካላደገ ግን ወደ ሰው አይመለስም። ታዲያ ዶክተሩ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። እንዶድን እኮ አገሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ እሳቸው ግን ቆም ብለው መረመሩት። በሽታውን ከሰው ሆድ ውጭ፣ መንገዱ ላይ መቁረጥ እንደሚቻል አሳዩ።

በ1966 በአዲስ አበባ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቋሙ። እንዶድ በውጭ ተቋማት ዘንድ ተቀባይነት እንዲያገኝ ረጅም ዓመታት ደከሙ። በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። በ1997 አረፉ፤ ኢንስቲትዩቱ ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

እንግዲህ ወደ ዶሮዎቻችን ልምጣ። ጫጩትን ደም የሚያስቀምጠው ኮክሲዲዮሲስ የሚራባው አንጀት ግድግዳ ውስጥ ነው። ከኩስ ጋር ሲወጣ ግን ወዲያው አይተላለፍም፤ እርጥበት፣ ሙቀትና አየር አግኝቶ አንድ ሁለት ቀን መብሰል አለበት። ቀንድ አውጣ አያስፈልገውም፤ እርጥብ ጉዝጓዝ ይበቃዋል። ጉዝጓዙ ሳይደርቅ መድኃኒት ብቻ ከተሰጠ ጫጩቷ በሽታውን መልሳ ትለቅመዋለች።

እንዶድ ለዶሮ ይሰጥ ማለቴ አይደለም፤ መርዝነት ያለው ተክል ነው። ከዶክተሩ የምንወስደው አስተያየታቸውን ነው። እኛም ስለ ዶሮ በሽታ ዜና ስንሠራ የመድኃኒቱን ዋጋ ብቻ ሳይሆን፣ ጉዝጓዙ መቼ እንደተቀየረና ውኃው የት እንደሚፈስ ጭምር እንጠይቅ።