ሚሼል ሌሪስ በጎንደር፦ ዛር፣ ሳይኮአናሊሲስና የሳይኮሲስ ድንበር

በመንፈስ መያዝ የአእምሮ ሕክምናንና ሳይኮአናሊሲስን ለረጅም ጊዜ ሲያከራክር ኖሯል። ሲግመንድ ፍሮይድ እ.ኤ.አ. በ1923 ባሳተመው ጥናት፣ ከሰይጣን ጋር ውል ተዋውያለሁ ያለን የ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሠዓሊ ሁኔታ ኒውሮሲስ ሲል ተረጐመው። እ.ኤ.አ. በ1956 ደግሞ ሐኪሞቹ አይዳ ማካልፓይንና ሪቻርድ ሀንተር ይህንኑ ሰው የሳይኮሲስ ሕመምተኛ አድርገው መደቡት። ሁለቱም ወገኖች የተመረኰዙት በጽሑፍና በሥዕል ላይ ብቻ ነበር።

ፈረንሳዊው ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስ ግን ጉዳዩን በሕያዋን ባለዛሮች መካከል ተከታተለው። ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1901 በፓሪስ ተወለደ። እ.ኤ.አ. በ1929 ውስጣዊ ቀውስ ሲበረታበት፣ የአእምሮ ሐኪምና የፓሪስ የሳይኮአናሊሲስ ማኅበር መሥራች አባል ወደሆነው አድሪያን ቦሬል ሄደ። በቦሬል አበረታችነትም በማርሴል ግሪዮል የተመራውን የዳካር–ጅቡቲ የጥናት ጉዞ በጸሐፊነት ተቀላቀለ።

እ.ኤ.አ. ከሐምሌ እስከ ታኅሣሥ 1932 በጎንደር ሲቆይ፣ በአባ ጀሮም ገብረ ሙሴ አስተርጓሚነት የታወቁትን ባለዛር ወይዘሮ መልካም አያሁን ቤት አዘወተረ። የጭዳውን ሥርዓት፣ ዘፈኑንና ጉሪውን በየዕለቱ መዘገበ። ወይዘሮዋ እንደ ሁኔታው ከአንዱ ዛር ወደ ሌላው ሲሸጋገሩም አስተዋለ።

የዕለት ማስታወሻው እ.ኤ.አ. በ1934፣ የጎንደርን ዛር የተመለከተው ጥናቱ ደግሞ በ1958 ታተሙ። ሌሪስ የዛርን ሥርዓት ማስመሰል ነው ብሎ አልናቀውም፤ ሕመም ብቻ ነው ብሎም አልደመደመም። ከመድረክ ተውኔት ይልቅ በእውነት ወደሚኖሩት ተውኔት የቀረበ ሆኖ አገኘው።

ሌሪስ ሐኪም ስላልነበረ ሥራው የምርመራ መስፈርት አይሆንም። ሆኖም ለሐኪሙ ቁም ነገር ትቷል፦ ዛሩ ስም አለው፤ የሚመጣበትና የሚሸኝበት ሥርዓት አለው፤ የሚያውቀውም ማኅበር አለ። ሳይኮሲስ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሕመምተኛውን ከማኅበሩ ይነጥለዋል። እ.ኤ.አ. በ1968 ሮበርት ጊልና ባልደረቦቹ በጊዮን ስላለው የእምነት ፈውስና በመንፈስ መያዝ ያሳተሙት ጥናት፣ ጥያቄው በኢትዮጵያ የአእምሮ ሕክምናም ውስጥ እንደቀጠለ ያሳያል።

ዛሬም በአዋሽ ወይም በሰመራ፣ ጅን ይዞታል የተባለን ሰው የሚቀበል ሐኪም ከሁለት ስሕተቶች መጠንቀቅ አለበት፦ ጤነኛውን በእምነቱ ምክንያት በሽተኛ ማለት አንድ፣ ሕመምተኛውን የጅን ጉዳይ ነው ብሎ ያለ ሕክምና መተው ሁለት። ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1990 ቢሞትም፣ የጎንደር መዝገቡ ከፍርድ በፊት ማስተዋል እንደሚቀድም ያስተምራል።