ሃሪ ኒልሰን፦ በሌሎች ዜማ የታወቀው ደራሲ

በብዙ የሙያ መስክ ሥራን የሚያቅደውና ሥራን የሚፈጽመው ሰው የተለያዩ ናቸው። ድልድይን አንዱ ይነድፈዋል፣ ሌላው ይገነባዋል፤ መንገደኛው ግን ሲሻገር የሁለቱንም ስም አይጠይቅም። በዘፈን ዓለም ነገሩ ከዚህ ይለያል። ዘፈን የሚጠራው በዘፋኙ ስም ነው፤ ግጥሙንና ዜማውን የደረሰው ሰው በሸክላው መካከል ባለችው ክብ ወረቀት ላይ በደቃቅ ፊደል ተጽፎ ይቀራል። አሜሪካዊው ሃሪ ኒልሰን ይህን ልማድ ከሁለቱም ወገን የቀመሰ ሰው ነበር። ራሱ የተዋጣለት ደራሲ ሆኖ ሳለ፣ ስሙን በዓለም ያስጠሩትና ለሁለት የግራሚ ሽልማቶች ያበቁት ሁለቱም ዘፈኖች የሌሎች ድርሰቶች ነበሩ።

ኒልሰን እ.ኤ.አ. በጁን 15 ቀን 1941 በኒውዮርክ ከተማ፣ ብሩክሊን በተባለው ክፍል ተወለደ። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ገና የሦስት ዓመት ሕፃን ሳለ አባቱ ቤተሰቡን ጥሎ በመሄዱ ያደገው በችግር ነው። በወጣትነቱ ወደ ካሊፎርኒያ ተሻግሮ በሎስ አንጀለስ በአንድ ቲያትር ቤት ሲሠራ ቆየ፤ ቲያትር ቤቱ በ1960 ሲዘጋም በአንድ ባንክ የኮምፒዩተር ክፍል ተቀጠረ። ትምህርቱ ከዘጠነኛ ክፍል ያላለፈ ቢሆንም፣ በማመልከቻው ላይ ሁለተኛ ደረጃን እንደጨረሰ አድርጎ ሞልቶ ነበር። ነገሩ ኋላ ቢደረስበትም፣ ኮምፒዩተሩን አሳምሮ የሚያሠራ ሠራተኛ ሆኖ ስለተገኘ ባንኩ አላሰናበተውም።

በዚህ ዓይነት ኒልሰን ለብዙ ዓመታት ሁለት ኑሮ ኖረ። ሌሊቱን በባንኩ መሣሪያዎች መካከል ያሳልፋል፤ ቀን ደግሞ የደረሳቸውን ዘፈኖች ይዞ ከአሳታሚ ወደ አሳታሚ ይዞራል። በ1967 ሞንኪስ የተባለው ዝነኛ የሙዚቃ ቡድን ከዘፈኖቹ አንዱን ሲቀርጽለት የባንክ ሥራውን ተወ። በዚያው ዓመት በአርሲኤ ኩባንያ ያወጣው ረጅም ሸክላ እንግሊዝ አገር ደርሶ የቢትልስን ጆሮ አገኘ። በ1968 የቢትልስ አባላት አሜሪካ መጥተው ጋዜጠኞች ስለሚወዱት አሜሪካዊ ሙዚቀኛ ሲጠይቋቸው የጠሩት፣ ብዙው ሕዝብ ገና የማያውቀውን የኒልሰንን ስም ነበር። በ1969 ደግሞ እርሱ የደረሰው «ዋን» የተባለ ዘፈን በስሪ ዶግ ናይት ቡድን ተዘፍኖ በአሜሪካ አምስተኛ ደረጃ ላይ ወጣ። ዘፈኑን ብዙ ሰው ወደደው፤ የደራሲውን ማንነት ያወቀው ግን ጥቂቱ ነበር።

በዚያው ዓመት ዕጣው ተገላበጠ። «ሚድናይት ካውቦይ» ለተባለው ፊልም መዝሙር ሲፈለግ ኒልሰን አዲስ ዘፈን ደርሶ አቀረበ። የተመረጠው ግን ይህ ድርሰቱ ሳይሆን፣ ቀደም ሲል በሸክላ ያስቀረጸው የፍሬድ ኒል ዘፈን «ኤቭሪባዲስ ቶኪን» ሆነ። ዘፈኑ በአሜሪካ ስድስተኛ ደረጃ ላይ ደረሰ፣ ለኒልሰንም የመጀመሪያውን የግራሚ ሽልማት አስገኘለት። ደራሲው ኒልሰን ተሸንፎ፣ ዘፋኙ ኒልሰን አሸነፈ።

ኒልሰን በሕዝብ ፊት ቆሞ የመዝፈን ልማድ አልነበረውም፤ የኮንሰርት ጉዞም አላደረገም። መድረኩ ስቱዲዮ ነበር። ድምፁን በቴፑ አንድ መስመር ላይ ይቀርጻል፤ ያንኑ በጆሮ ማዳመጫ እየሰማ በሌላው መስመር ሁለተኛ ድምፅ ይጨምራል፤ እንዲህ እየደራረበ አንዱ ሰው ብቻውን መዘምራን ይሆናል። ይህን ጥበብ ይበልጥ ያሳየበት በ1970 የወጣው ሸክላው ነው። በሸክላው ላይ የራሱን ድርሰት አንድም አላስገባም። ዘፈኖቹ በሙሉ በዚያን ጊዜ ስሙ ብዙም ያልታወቀው የራንዲ ኒውማን ሲሆኑ፣ ፒያኖ የመታውም ኒውማን ራሱ ነው። የሸክላው ርእስ «ኒልሰን ሲንግስ ኒውማን» ስለሆነ የደራሲው ስም ከዘፋኙ ስም እኩል በሽፋኑ ላይ ታተመ።

ታላቁ ዝና የመጣው በ1971 መጨረሻ ነው። በድግስ ላይ የሰማው አንድ ዘፈን የቢትልስ መስሎት ሲያፈላልግ፣ ፒት ሃምና ቶም ኢቫንስ የተባሉ የባድፊንገር ቡድን ወጣቶች ድርሰት መሆኑን ደረሰበት። ሁለቱ ወጣቶች እያንዳንዳቸው ያልተጠናቀቀ ዘፈን ስለነበራቸው፣ የአንዱን አካል ከሌላው አዝማች ጋር አገጣጥመው «ዊዝአውት ዩ»ን ሠሩ። ቡድኑ በ1970 በሸክላው ውስጥ ቢያስገባውም እንደ ዋና ዘፈን አላወጣውም ነበር። ኒልሰን ዘፈኑ በፒያኖ ብቻ ታጅቦ ጭር ብሎ እንዲቀረጽ ሲፈልግ፣ የቀረጻው ኃላፊ ሪቻርድ ፔሪ በኦርኬስትራ እንዲታጀብ አጥብቆ ተከራከረውና አሳመነው። በ1972 ዘፈኑ በአሜሪካ ለአራት ሳምንታት፣ በብሪታንያ ለአምስት ሳምንታት አንደኛ ሆኖ ቆየ፤ ሁለተኛው ግራሚም ተከተለ።

የዘፈኑ ደራሲዎች ዕጣ ግን አሳዛኝ ነው። የቡድኑ የገንዘብ ጉዳይ ክፉኛ በመበላሸቱ ፒት ሃም በ1975 ሕይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ፤ ቶም ኢቫንስም ስለዚሁ ዘፈን ገቢ ክርክር ውስጥ ሳለ በ1983 እንደ ጓደኛው አደረገ። ዓለም ሲያንጎራጉረው የኖረው ዜማ ለሠሩት ሰዎች እንጀራ ሊሆናቸው አልቻለም።

ኒልሰንም ሀብቱን ጠብቆ አላቆየውም። በ1974 ጆን ሌነን የቀረጻ ኃላፊ ሆኖ ሸክላ ሲሠራለት የድምፁ ጅማት ተጎዳ፤ ሥራው እንዳይቋረጥ ፈርቶ ጉዳቱን ከሌነን ደበቀ። ድምፁ ከዚያ በኋላ ወደ ቀድሞ ጥራቱ አልተመለሰም። ሌነን በ1980 በጥይት ከተገደለ በኋላ የጦር መሣሪያን ጥቃት ለመግታት ለሚደረገው ዘመቻ ብዙ ጊዜውን ሰጠ። በኋላም ገንዘቡን እንዲያስተዳድር ያመነው ሰው ስለመዘበረው ቤተሰቡ በዕዳ ተጨነቀ። በ1993 የልብ ድካም አጋጠመው፤ በጃንዋሪ 15 ቀን 1994 በካሊፎርኒያ በተወለደ በ52 ዓመቱ አረፈ።

በዚያው ወር ማራያ ኬሪ «ዊዝአውት ዩ»ን እንደገና ዘፍና አወጣችው፤ ብዙ አድማጭም የኒልሰንን ዘፈን ዘፈነች አለ። የሃምንና የኢቫንስን ስም ያነሣ ጥቂት ነበር። ዘፋኝ የሌላውን ድርሰት ሲያነሣ ሕይወት ሊዘራበት ይችላል፤ ኒልሰንም ይህን ከብዙዎች አብልጦ አድርጎታል። ይሁን እንጂ ደራሲን ከመረሳት የሚያድነው የድምፅ ማማር ብቻ አይደለም። ለዚህም ምስክሩ፣ ሽልማት ካመጡለት ሁለት ዘፈኖች ይልቅ፣ የራንዲ ኒውማንን ስም ከራሱ ስም አጠገብ በጉልህ ያሳተመባት ያች የ1970 ሸክላ ናት።