ሮበርት ሞግ

ሮበርት ሞግ (ሙሉ ስሙ ሮበርት አርተር ሞግ፤ ሜይ 23 ቀን 1934 – ኦገስት 21 ቀን 2005 እ.ኤ.አ.) አሜሪካዊ ኢንጂነርና የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ መሣሪያ ሠሪ ነበር። በይበልጥ የሚታወቀው በስሙ በሚጠራው ሲንተሳይዘር ነው። ብዙ ሰው ስሙን «ሙግ» ብሎ ይጠራዋል፤ እሱ ራሱ የመረጠው አጠራር ግን «ሞግ» ነው። በመሣሪያው ውስጥ ካሉት ክፍሎች ሁሉ ለዝናው ትልቁን ድርሻ የያዘው የድምፅ ማጣሪያው ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

ሞግ በኒው ዮርክ ከተማ ተወለደ። አባቱ መሐንዲስ ነበር፤ ልጁም ኤሌክትሮኒክስን በመጀመሪያ የተማረው ከእሱ ጋር በቤታቸው በነበረው የሥራ ክፍል ነው። እናቱ ፒያኒስት እንዲሆንላት ትመኝ ስለነበር ለዓመታት ፒያኖ አስጠናችው። በአሥራዎቹ ዕድሜው ቴርሚን ሠራ፤ ይህ ሩስያዊው ሌዎን ቴርሚን የፈጠረው፣ ሳይነኩት እጅን በአየር ላይ በማንቀሳቀስ ብቻ የሚጫወቱት መሣሪያ ነው። አባትና ልጅ ከ1954 ገደማ ጀምሮ ቴርሚን እየሠሩ ይሸጡ ነበር። በ1961 ገዢው ራሱ የሚገጣጥመውን ዓይነት በ50 ዶላር ገደማ አቅርቦ 1,000 ያህል ሸጠ። በኩዊንስ ኮሌጅ ፊዚክስ፣ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ከተማረ በኋላ በ1965 ከኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪ ተቀበለ።

ሲንተሳይዘሩ

በዚያ ዘመን የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ደራሲ ድምፆቹን አንድ በአንድ ቀርጾ፣ የቴፕ ክሩን በምላጭ እየቆረጠና እየቀጠለ ነበር የሚሠራው። በ1964 የሙዚቃ ደራሲው ኸርበርት ዶይች ወደ ትሩማንስበርግ መንደር መጥቶ ከሞግ ጋር ሲሠራ አዲስ መንገድ ተገኘ፤ ሁሉንም ነገር በቮልቴጅ ማዘዝ። በሞግ አሠራር 1 ቮልት ሲጨመር ድምፁ በአንድ ኦክታቭ ከፍ ይላል። ከኪቦርዱ የሚወጣው ይኸው ቮልቴጅ የድምፁን ከፍታ ብቻ ሳይሆን ሌሎቹንም ክፍሎች ማዘዝ ይችላል። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ መሣሪያውን ለድምፅ መሐንዲሶች ጉባኤ አሳየ።

ማጣሪያው

የሞግ ሲንተሳይዘር ድምፅ የሚሠራው በመቀነስ ነው። ኦሲሌተሩ መጀመሪያ የሚያወጣው ድምፅ ሻካራ ነው፤ ከዋናው ድምፅ ላይ በሁለት፣ በሦስት፣ በአራት እጥፍ ፍሪኩዌንሲ የሚሄዱ ብዙ ቀጫጭን ድምፆች ተደርበውበታል። ማጣሪያው ከአንድ ወሰን በላይ ያሉትን ይቆርጣል፣ በታች ያሉትን ያሳልፋል። አፍን አጥብቦ «ኡ» ካሉ በኋላ በዚያው ዜማ አፍን ከፍቶ «ኣ» ማለት ተመሳሳይ ሥራ ነው፤ ከጉሮሮ የሚወጣው አልተለወጠም፣ የተለወጠው ወደ ውጭ የሚያልፈው ነው።

ማጣሪያ ከሞግ በፊትም ነበረ። የእሱ ሥራ ወሰኑ ዜማው እየሄደ ሳለ በቮልቴጅ እንዲንቀሳቀስ ማድረጉ ነው። ጥንድ ጥንድ ትራንዚስተሮችን አንዱን በሌላው ላይ ደርቦ የየጥንዱን ሁለት ጎኖች በካፓሲተር አገናኘ፤ ንድፉ በወረቀት ላይ መሰላል ስለሚመስል «የመሰላል ማጣሪያ» ተባለ። በትራንዚስተሮቹ ውስጥ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ሲጨምር ወሰኑ ይወጣል፣ ሲቀንስ ይወርዳል። አራቱ ደረጃዎች እያንዳንዳቸው በኦክታቭ 6 ዴሲቤል፣ በድምሩ 24 ዴሲቤል ይቀንሳሉ።

ከማጣሪያው ከሚወጣው ድምፅ ጥቂቱ ተገልብጦ ወደ መግቢያው ሲመለስ ሬዞናንስ ይፈጠራል፤ በወሰኑ አጠገብ ያሉት ድምፆች ከሌሎቹ ጎልተው ይሰማሉ። ሬዞናንሱ በጣም ከተጨመረ ማጣሪያው ምንም ሳይገባበት በራሱ ማፏጨት ይጀምራል። በዚህ ንድፍ ሬዞናንሱ በጨመረ ቁጥር ወፍራሙ ድምፅ እየሳሳ ይሄዳል። በመሐንዲስ ሚዛን ይህ ጉድለት ነው፤ ሙዚቀኞች ግን ከነጉድለቱ ወደዱት።

ወሰኑ በአንድ ቦታ ከቆመ ሌላ ችግር አለ። ለምሳሌ ወሰኑ 1,000 ኸርዝ ቢሆን፣ የ110 ኸርዝ ድምፅ እስከ ዘጠነኛው እጥፍ ድረስ ከነድርቡ ያልፋል። የ880 ኸርዝ ድምፅ ግን ዋናው ብቻ ይቀርለታል፤ ስለዚህ ተጫዋቹ ወደ ቀኝ በሄደ ቁጥር ድምፁ ይደበዝዛል። መፍትሔው የኪቦርዱን ቮልቴጅ ለማጣሪያውም መስጠት ነው፤ ያኔ ወሰኑ ከጣቱ ጋር አብሮ ይወጣል። በ1970 በወጣው ሚኒሞግ ላይ ለዚህ ሁለት ማብሪያዎች አሉ። አንዱ ማጣሪያው ኪቦርዱን በአንድ ሦስተኛ፣ ሌላው በሁለት ሦስተኛ እንዲከተል ያደርጋል፤ ሁለቱም ሲበሩ ሙሉ በሙሉ ይከተላል። በዚህ ጊዜ ሬዞናንሱ እስኪያፏጭ ከተጨመረ ማጣሪያው ራሱ ዜማ የሚጫወቱበት መሣሪያ ይሆናል።

ሞግ ሲንተሳይዘሩን በጠቅላላው የራሱ ብቻ አድርጎ አላስመዘገበም። ለማጣሪያው ግን በ1966 አመልክቶ በ1969 ፓተንት አገኘ። ኤአርፒ የተባለው ተፎካካሪ ኩባንያ በአንዳንድ መሣሪያዎቹ ይህን ንድፍ ተጠቅሞ ነበር፤ በኋላ በራሱ ንድፍ ተክቶታል።

ስምና ኪሳራ

በ1968 ዌንዲ ካርሎስ የባክን ሥራዎች በሞግ ሲንተሳይዘር ተጫውታ ያወጣችው «ስዊችድ ኦን ባክ» አልበም ሦስት የግራሚ ሽልማት አገኘ፤ መሣሪያውም በአንድ ጊዜ ተፈላጊ ሆነ። የመጀመሪያውን ሚኒሞግ የገጣጠመው ሠራተኛው ቢል ሄምሳት ነበር። እስከ 1981 ድረስ ከ12,000 በላይ ሚኒሞጎች ተሠርተዋል። በኢትዮጵያዊው ኃይሉ መርጊያ የ1985 አልበም ላይም ከአኮርዲዮኑ ጋር የሞግ ድምፅ ይሰማል።

ሞግ ግን ነጋዴ አልነበረም። ኩባንያው በዕዳ ተይዞ በ1971 ለሌላ ባለሀብት ተሸጠ፣ በ1973 ወደ ኖርሊን ተዛወረ፤ ከኩባንያው ጋር ስሙም አብሮ ሄደ። በ1977 ለቅቆ ወደ ሰሜን ካሮላይና ከሄደ በኋላ ቢግ ብራየር በሚል ስም ሥራውን እንደገና ጀመረ፤ በገዛ ስሙ መሸጥ አይችልም ነበር። ስሙን ያስመለሰው በ2002 ነው። ሚኒሞግ ቮያጀርን ያወጣውም ያን ጊዜ ነው።

ከሦስት ዓመት በኋላ በአሽቪል ከተማ በአንጎል ዕጢ ሕመም በ71 ዓመቱ አረፈ። ኩባንያው በ2016 የቀድሞውን ሚኒሞግ እንደገና ማምረት ሲጀምር፣ ማጣሪያውን ከኪቦርዱ ጋር የሚያገናኙት ሁለቱ ማብሪያዎች በነበሩበት ተቀምጠዋል።