ዲዋናቸውን ሳያዩ ያለፉት ባለቅኔ

አያቴ መንዙማ ይገጥሙ ነበር። በዐጀም የጻፉባት ደብተር ግን ካረፉ በኋላ የት እንደገባች የሚያውቅ ከቤተሰባችን ጠፋ። ደብተሯን ባሰብኩ ቁጥር የሺራዙ ሐፊዝ ትዝ ይሉኛል።

ስማቸው ሸምሰዲን ሙሐመድ ሲሆን በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዛሬዋ ኢራን፣ በሺራዝ ከተማ ኖሩ። ሐፊዝ የተባሉት ቁርኣንን በቃላቸው በመያዛቸው ነው። የፋርስኛ ግጥሞቻቸው በሕይወት ሳሉም ተወዳጅ ነበሩ። ይሁንና በየሰዉ እጅ ተበታትነው ነበር።

ለመሆኑ ራሳቸው ለምን አልሰበሰቧቸውም? በዲዋኑ መግቢያ እንደምናነበው ቁርኣን ማስተማርና የተፍሲርና የሰዋስው ኪታቦችን መመርመር ጊዜያቸውን ወሰደባቸው። ወዳጆቻቸው ቢወተውቷቸውም የዘመኑን ክፋት ምክንያት እያደረጉ አቆዩት። በ792 ዓመተ ሒጅራ ገደማ (እ.ኤ.አ. 1390 አካባቢ) ሞት ቀደማቸው።

ሥራውን የፈጸመው ሙሐመድ ጉለንዳም የተባለ ወዳጃቸው እንደሆነ ይታመናል። ከዚያ በኋላ ዲዋኑ በእጅ እየተገለበጠ አገር ላገር ዞረ። ገልባጮች የሌሎችን ግጥም እየጨመሩበትም ወፈረ። በ1791 እ.ኤ.አ. በሕንድ ካልካታ ታተመ። በ1812 እና 1813 ሐመር የተባለ ኦስትሪያዊ ወደ ጀርመንኛ መለሰው። ይህን ትርጉም ያነበበው ታላቁ ገጣሚ ጎተ በሐፊዝ ተመስጦ በ1819 የራሱን ዲዋን አሳተመ። የወይን ጠጁ ነገር ምሳሌ ነው ወይስ እውነት የሚለው ክርክር ግን እስከ ዛሬ አልበረደም።

እውነተኛውን ከተጨመረው ለመለየት ብዙ ዘመን ፈጀ። ቀዝዊኒና ገኒ የተባሉ ሁለት ኢራናውያን ምሁራን በ827 ዓመተ ሒጅራ የተጻፈ ቅጂ መሠረት አድርገው በ1941 እ.ኤ.አ. 495 ገዘሎች የያዘ እትም አወጡ። ሐፊዝ ካረፉ 550 ዓመት ሆኗቸው ነበር! በ1935 በመቃብራቸው ላይ በአምዶች የቆመ ጉልላት የተሠራላቸው እኚህ ሰው ዛሬ መጽሐፋቸው በኢራን ከቤት አይጠፋም።

ውድ አንባቢዬ፣ ይህ ሁሉ ክብር የተገኘው አንድ ወዳጅ የተበተነውን ወረቀት ስለለቀመ ነው። የአያቴን ደብተር የለቀመላት አልነበረም። እናንተ ቤት በሣጥን የተቀመጠ የሽማግሌ ጽሑፍ ካለ ዛሬውኑ አውጡት። ገልብጡት፤ የገጣሚውን ስምና ዘመኑንም ጻፉበት። ስም የሌለው ግጥም ነገ የማን እንደሆነ አይታወቅምና።