የኡሙ አይመን ታሪክ፤ ስለ አላህ ጥበቃና ስለ ፈውስ



ወንድሞችና እኅቶች ሆይ! ሕመምተኛ በተኛበት ቤት ውስጥ ከሁሉ አብልጦ የሚጠይቅ ሕፃን ልጅ ነው። አላህ ይፈውሳል ብላችሁ ትነግሩታላችሁ፤ ቃሉም እውነት ነው። ነገር ግን ልጁ የጎረቤት እናት ታማ ስትሞት ያየ እንደ ሆነ፣ ለእርሷስ ፈውሱ ስለ ምን አልመጣም ብሎ ይጠይቃችኋል። ያን ጊዜ ዝም ከማለት ይልቅ የኡሙ አይመንን ታሪክ ንገሩት።

እኒህ ሴት ስማቸው በረካ፣ ዘራቸውም ሐበሻ ነው። በመካ የዐብዱላህ ኢብን ዐብዱልሙጦሊብ ባሪያ ነበሩ። ዐብዱላህ ልጃቸው ሳይወለድ ስለ ሞቱ፣ በ570 እ.ኤ.አ. ገደማ ለተወለዱት ለነቢዩ ሙሐመድ የቀረላቸው ውርስ አምስት ግመሎች፣ ጥቂት በጎችና እኒህ አገልጋይ ብቻ እንደ ነበሩ የታሪክ ጸሐፊዎች ይተርካሉ። ትርፍና ኪሳራ የምትቆጥሩ ነጋዴዎች ሆይ! ከዚህ ውርስ የትኛው እንደሚበልጥ እናንተው ፍረዱ።

ነቢዩ የስድስት ዓመት ልጅ በሆኑ ጊዜ እናታቸው አሚና ዘመድ ለመጠየቅ ወደ የሥሪብ፣ ይኸውም ኋላ መዲና ወደ ተባለችው ከተማ ወሰዷቸው፤ በረካም አብረው ሄዱ። ሲመለሱ በሁለቱ ከተሞች መካከል አብዋእ በተባለ ስፍራ አሚና ታመሙ፤ በዚያም ሞተው ተቀበሩ።

ከዚህ ላይ ጥቂት ቆም በሉ። ከጋይንት ወይም ከስማዳ ተነሥቶ ሩቅ ገበያ የሄደ ሰው፣ ከሰው ቤት ርቆ ሳለ የመንገድ ጓደኛው ቢታመምበት ጭንቁ ምን ያህል እንደ ሆነ ያውቃል። በረካ ግን ሴት ነበሩ፤ ያውም ባሪያ፤ በእጃቸው ያለውም አባትም እናትም የሌለው ሕፃን ነበር። በዚያ በረሃ ሕፃኑን አቅፈው፣ አጽናንተውም፣ መካ ድረስ አምጥተው ለአያታቸው ለዐብዱልሙጦሊብ አስረከቡ። አያትየውም ከሁለት ዓመት በኋላ ሞቱና አጎታቸው አቡ ጧሊብ ተቀበሏቸው። አሳዳጊው ሁሉ ሲለዋወጥ በረካ አልተለወጡም።

እንግዲህ ለልጃችሁ የምትመልሱለት ይህን ነው። አላህ ለአሚና የወሰነው ዕድሜ በአብዋእ አለቀ፤ ሕፃኑ ግን በመንገድ ላይ አልተጣሉም፤ ጥበቃው በአንዲት ባሪያ እጅ መጣላቸው።

ነቢዩ ኸዲጃን ባገቡ ጊዜ በረካን ነፃ አወጧቸው። አግብተውም አይመንን ወለዱና ኡሙ አይመን ተባሉ፤ ኋላም ከዘይድ ኢብን ሓሪሣ ኡሳማን ወለዱ። ነቢዩም ከእናታቸው በኋላ እናታቸው እኒህ መሆናቸውን በሰው ፊት ይናገሩ ነበር።

አንድ ቀን ኡሳማ ገና ሕፃን ሳለ በበሩ መድረክ ተደናቅፎ ፊቱ እንደ ቆሰለ ይተረካል። ነቢዩ ደሙን እንዲጠርጉለት ለዓኢሻ ነገሯቸው፤ እርሳቸው ጥቂት ቢጸየፉ ነቢዩ ራሳቸው የልጁን ቁስል አጸዱለት። ሴት ልጅ ቢሆን ኖሮ አስጊጠውና አልብሰው እንደሚድሩት እየነገሩም አጫወቱት። በአብዋእ እንባቸውን ያበሰችላቸው እናት፣ የልጇን ደም የሚያብስላት ከዚያ ሕፃን ዘንድ አገኘች።

ነቢዩ አላህ መድኃኒት ሳያወርድለት ያወረደው በሽታ እንደሌለ አስተምረዋልና፣ ዱዓ አደረግን ብላችሁ ልጃችሁን ከሐኪም አታስቀሩ። ኡሙ አይመንም በ625 እ.ኤ.አ. በኡሑድ ጦርነት ዕድሜያቸው ገፍቶ ሳለ ውኃ ያጠጡ፣ ቁስለኞችንም ያክሙ ነበር።

ስለ እርሳቸው ሌላም ይተረካል። ወደ መዲና ሲሰደዱ በመንገድ ላይ በጥም ሊሞቱ ሲቃረቡ ከሰማይ የውኃ ባልዲ ወረደላቸው ይባላል። ብዙ ሰው ለልጆች የሚነግረው ይህንኑ ነው፤ መልካም ነው፤ እኔ ግን የአብዋእን መንገድ አስቀድማለሁ። ደግሞም ነቢዩ የሰጧቸውን የተምር ዛፎች ለቀድሞ ባለቤቶቹ ሊመልሱ በፈለጉ ጊዜ፣ ኡሙ አይመን የባለቤቶቹን ልጅ አነስን በልብስ አንገቱን ይዘው አልሰጥም አሉ፤ ነቢዩም በለውጡ የሚሰጡትን እየጨመሩ አሥር እጥፍ ያህል እስኪሆን ድረስ አባበሏቸው። ልጆች ይህን ሲሰሙ ይሥቃሉ፤ ይሣቁ። አሳዳጊ እናት እንዲህ ትከበራለች።

ከዚህ በኋላ ኀዘን ተደራረበባቸው። ባላቸው ዘይድ በ629 እ.ኤ.አ. በሙእታ፣ ልጃቸው አይመን በ630 እ.ኤ.አ. በሑነይን ወደቁ። በ632 እ.ኤ.አ. ደግሞ ያሳደጓቸው ነቢይ ዐረፉ።

ነቢዩ በሕይወት ሳሉ ኡሙ አይመንን ይጠይቋቸው ስለ ነበር፣ አቡበክርና ዑመር ያን ልማድ እንዳያቋርጡ ተነሥተው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ኡሙ አይመንም ባዩአቸው ጊዜ አለቀሱ። አላህ ዘንድ ያለው ለመልክተኛው የሚሻል መሆኑን ነግረው ሊያጽናኗቸው ሞከሩ። እርሳቸውም ይህን እንደማያጡት፣ የሚያለቅሱት ግን ከሰማይ ይወርድ የነበረው ራእይ ስለ ተቋረጠ መሆኑን ነገሯቸው። ሁለቱም ከእርሳቸው ጋር ተቀምጠው አለቀሱ።