ሙሴ ጸሊምና የአርባ ቀን ዕድል

ሰኔ 24 ቀን በስንክሳር የሚታሰበውን ቅዱስ ሙሴ ጸሊምን ብዙዎቻችን የምናውቀው ሽፍታ የነበረና በኋላ የመነኮሰ አባት በመሆኑ ነው። በዚህ ጽሑፍ ግን ሕይወቱን የምንተርከው በእርሱ ዘመንና ከእርሱም ጥቂት በኋላ ክርስቲያኖችን ካከራከረ አንድ ጥያቄ ጋር አያይዘን ነው። ሰው በገዛ ፈቃዱና በገዛ ጉልበቱ ከኃጢአት ሊወጣ ይችላልን? ካልቻለስ ነጻ ፈቃዱ ምን ይረባዋል?

ይህ የሊቃውንት ክርክር ብቻ አይምሰለን። በአቃቂም ሆነ በቃሊቲ ጠጪውም፣ ተደባዳቢውም፣ ትምህርቱን ጥሎ የወጣውም በአርባ ቀን ዕድሉ ሲያመካኝ እንሰማለን፤ ዕጣው አስቀድሞ ተወስኖበታልና ምን ያድርግ! በሌላ በኩል መጀመሪያ ራሱን አጽድቶ ከዚያ በኋላ ሊመጣ አስቦ የቤተ ክርስቲያኑን ደጅ ተሳልሞ የሚመለስ፣ ሥጋ ወደሙንም ለሽምግልናው ያቆየ ወጣት ብዙ ነው። ይህኛው ትሑት ይመስላል። ነገር ግን ፊተኛው ፈቃዱ ምንም እንደማይሠራ ሲቈጥር፣ ኋለኛው ሁሉን የሚሠራው የእርሱ ፈቃድ እንደ ሆነ መቍጠሩ ነው። ሁለቱም ከደጅ ቀርተዋል።

ሙሴ የኖረው በ4ኛው መቶ ዓመት፣ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን በአክሱም ወንጌልን ባስተማረበት ዘመን ነው። የግሪክ ጸሐፊዎች ኢትዮጵያዊ ይሉታል። በዚያ ጊዜ ግን ግሪኮች ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ጥቁር ሕዝብ ሁሉ በዚህ ስም ይጠሩ ስለ ነበር፣ አገሩ አክሱም ይሁን ኖባ በዚህ ብቻ አይለይም። በግብፅ የአንድ ሹም ባሪያ ሆኖ ሲኖር በሌብነቱና በክፉ ጠባዩ ጌታው አባረረው፤ ነፍስም አጥፍቷል የሚሉ ነበሩ። ከዚያ ወዲያ የወንበዴዎች አለቃ ሆነ።

ምን ዓይነት ሰው እንደ ነበረ ጳላዲዮስ የተባለው ጸሐፊ በአንድ ታሪክ ያሳየናል። አንድ ሌሊት ሙሴ ሊዘርፍ ሲሄድ የአንድ እረኛ ውሾች አስቸገሩት። ቂም ያዘ። እረኛውን ሊገድል ፈልጎ፣ እርሱ ከዓባይ ማዶ መሆኑን በሰማ ጊዜ፣ ወንዙ ሞልቶ ሳለ ልብሱን በራሱ ላይ ጠቅልሎ፣ ሰይፉን በጥርሱ ነክሶ ዋኝቶ ተሻገረ። እረኛው አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ አመለጠው። ሙሴም አራት የሰቡ አውራ በጎች አርዶ፣ በገመድ አስሮ፣ እንደ ገና ዋኝቶ ተመለሰ፤ ሥጋውን በላ፣ ቆዳውን ሸጦ የወይን ጠጅ ጠጣበት። በውሻ ጩኸት ምክንያት ይህን ሁሉ የደከመ ሰው ፈቃድ የለውም ሊባል አይችልም፤ ፈቃዱ ወደ የት እንደ ዞረ ነው እንጂ ጥያቄው።

ስንክሳሩ እንደሚተርከው ሙሴ ፀሐይን ያመልክ ነበር። እውነተኛውን አምላክ ለማወቅ ይመኝ ነበርና፣ በአስቄጥስ በረሃ ያሉ መነኮሳት እግዚአብሔርን እንደሚያውቁ በሰማ ጊዜ ሰይፉን ታጥቆ ወደዚያው ገሠገሠ። አባ ኤስድሮስ ባየው ጊዜ ደነገጠ፤ የመጣበትን ከሰማ በኋላ ግን ወደ ታላቁ አባ መቃርስ ወሰደው። ሙሴም ተምሮ ተጠመቀ፣ መነኮሰም።

አንድ ቀን አራት ሌቦች የማን እንደ ሆነ ሳያውቁ በዓቱን ሊዘርፉ ገቡ። አራቱንም አሰራቸው፤ እንደ ገለባ ጆንያ ተሸክሞ ቤተ ክርስቲያን አደረሳቸውና፣ ማንንም መጕዳት ስለማይገባው ምን እንደሚያደርጋቸው ወንድሞችን ጠየቀ። ሌቦቹ ያ ስመ ገናናው ሙሴ መሆኑን ባወቁ ጊዜ እነርሱም መነኮሱ። ይህ ታሪክ ያስቃል፤ የሚቀጥለው ግን አያስቅም።

የቀድሞ ኑሮው፣ ይልቁንም ዝሙቱ፣ በሐሳቡና በሕልሙ እየመጣ ያሠቃየው ጀመር። ምንኩስናውን ሊተው እስኪቃረብ ድረስ ተጨነቀ። አባ ኤስድሮስ ግን ይህ የጅማሬ ነገር መሆኑን ነገረው፤ ሥጋ ቤት የለመደ ውሻ ቤቱ ተዘግቶ የሚሰጠው ካጣ ተስፋ ቈርጦ እንደሚቀር፣ የለመደ ኃጢአትም እንዲሁ ነው ሲል አስረዳው። ሙሴ በዓቱን ዘግቶ ጾመ፤ ፈተናው አልቀረም። ስድስት ዓመት ሌሊት ሌሊት ቆሞ ጸለየ፣ አልተኛም፤ አሁንም አልቀረም። ከዚያም በሌሊት እየተነሣ ውሃ ለመቅዳት ጉልበት ላጡ ሽማግሌ መነኮሳት እንስራቸውን ይሞላላቸው ጀመር። ጉድጓዱ ለአንዳንዱ በዓት ቅርብ፣ ለሌላው ሩቅ ነበር። አንድ ሌሊት ጎንበስ ብሎ ሲቀዳ ጋኔን ወገቡን በዱላ መታው። በማግሥቱ እንደ ሞተ ሰው ወድቆ አገኙት፤ ዓመት ሙሉ ታመመ።

ያን ጊዜ አባ ኤስድሮስ ከአጋንንት ጋር የሚያደርገውን ትግል በልክ እንዲያደርግ መከረው። ሙሴ ግን ሕልሙ ሳይተወው እንደማያርፍ ነገረው። አባ ኤስድሮስም በኢየሱስ ክርስቶስ ስም ሕልሙ ከእርሱ እንደ ራቀ አበሠረው፤ ሳይፈራ ቀርቦ ሥጋ ወደሙን እንዲቀበልም አዘዘው። ይህን ያህል የተፈተነውም በገዛ ኃይሉ ፍትወትን እንዳሸነፈ ቈጥሮ እንዳይመካ ለጥቅሙ መሆኑን ገለጸለት። ወጣቶች ሆይ፣ ቅደም ተከተሉን እዩ። ሙሴ ድሉን እስኪጨርስ ድረስ ከቅዱስ ቍርባን እንዲቆይ አልተነገረውም። ስድስቱ ዓመታትም በከንቱ አልሄዱም፤ በእነዚያ ዓመታት ሙሴ ሁለት ነገር አወቀ፤ መታገል እንደሚችልና ብቻውን ማሸነፍ እንደማይችል።

ሙሴ ካረፈ ጥቂት ዓመታት በኋላ ይኸው ነገር ዓለምን አከራከረ። ከብሪታንያ የመጣ ፔላጊዮስ የሚባል መናኝ በሮም ሳለ የክርስቲያኖችን ቸልተኝነት አይቶ ተቈጣ። ሰው ከፈቀደ ትእዛዛትን ሁሉ መፈጸም እንደሚችል አስተማረ፤ ደቀ መዝሙሩ ቄለስጥዮስም የአዳም ኃጢአት ከአዳም በቀር ማንንም እንዳልጎዳ ተናገረ። ቍጣው፣ እውነቱን ለመናገር፣ አይፈረድበትም፤ የአርባ ቀን ዕድላችንን ቢሰማ ምን ይል ነበር! መድኃኒቱ ግን ክርስቶስን መምህር ብቻ አድርጎ አስቀረው። በሰሜን አፍሪካ፣ በዛሬይቱ አልጄርያ፣ የሂፖ ጳጳስ የነበረው አውግስጢኖስ የወደቀ ሰው ያለ ጸጋ ሊነሣ እንደማይችል ጽፎ ተቃወመው። የካርታጎ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ418 የፔላጊዮስን ትምህርት አወገዘ። እኛ ከምንቀበላቸው ሦስት ዓለም አቀፍ ጉባኤያት አንዱ የሆነው የኤፌሶን ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ431 ንስጥሮስን ሲያወግዝ የቄለስጥዮስንም ሐሳብ አውግዟል። አውግስጢኖስ በኋላ አስቀድሞ ስለ መመረጥ አጥብቆ ሲጽፍ፣ በአስቄጥስ ለዓመታት የተቀመጠው ዮሐንስ ካስያን ጸጋና የሰው ፈቃድ አብረው እንደሚሠሩ ጻፈ። የካስያን መጽሐፍ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍሎች የአባ ሙሴ ትምህርት ተብለው የተጻፉ ናቸው፤ ያ ሙሴ የእኛው ሙሴ መሆን አለመሆኑ ያከራክራል። የቤተ ክርስቲያናችንም ትምህርት ጸጋን ከነጻ ፈቃድ አይነጥልም።

ሙሴ ካህን ሆነ። አንድ ወንድም በድሎ ጉባኤ በተጠራ ጊዜ አልሄድም ብሎ ነበር፤ ደግመው ቢልኩበት ቀዳዳ ቅርጫት አሸዋ ሞልቶ በጀርባው ተሸክሞ መጣ። ምክንያቱን ሲጠይቁት የራሱ ኃጢአት ከኋላው እየፈሰሰ እርሱ ሳያየው በሌላው ሊፈርድ መምጣቱን ገለጸላቸው። ወንድሙንም ይቅር አሉት።

እ.ኤ.አ. በ405 ግድም፣ ዕድሜው 75 ሲሆን፣ በርበሮች ወደ ገዳሙ መቃረባቸው ተሰማ። የሚሸሽ እንዲሸሽ ነገራቸው፤ ራሱ ግን ቆየ፤ ሰይፍ የሚያነሡ በሰይፍ እንደሚጠፉ ጌታ የተናገረው ቃል በእርሱ ይፈጸም ዘንድ ብዙ ዘመን መጠበቁን ነገራቸው። በዚያ ዓይነት ሰላም የሚጠብቅ ሰው ይቅርታን የተጠራጠረ አይመስለኝም። ሰባት ወንድሞች አብረውት ቀሩ። ዐፅሙ ዛሬም በግብፅ በባራሙስ ገዳም አለ። በርበሮቹ ገብተው ሲገድሏቸው አንደኛው ወንድም ከምንጣፍ ኋላ ተሸሽጎ ነበር፤ መልአክ አክሊል ይዞ ሲጠብቀው ባየ ጊዜ ግን ማንም ሳያስገድደው ከተሸሸገበት ወጣ።